የእርከን ሥራ በኢትዮጵያ፤ ከኮንሶ ካብ እስከ ዘመቻው ዘመንና ከዚያ ወዲህ

ከ1968 እስከ 1980 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የተሠራው የአፈርና የድንጋይ እርከን 800,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት እንደ ነበረው ተመዝግቧል። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ ያ ሁሉ እርከን ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል ምድርን ሃያ ጊዜ በጠመጠማት ነበር። ሥራው የተሠራው በመኪና አልነበረም፤ በዶማ፣ በአካፋ፣ በባሬላና በባዶ እጅ ነው። ከዚሁ ጋር 600,000 ሄክታር የሚሆን ገደላማ መሬት፣ ደን መልሶ እንዲያበቅል ሲባል፣ ከሰውና ከከብት ተከልሎ ነበር።

ይሁን እንጂ ዘመቻው ካበቃ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ያንኑ እርከን የሠራው እጅ በብዙ ሥፍራ መልሶ አፈረሰው። ነገሩ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ እንግዳ ነው። ድልድይ የተሠራለት ሕዝብ ድልድዩን አይንድም፤ የጉድጓድ ውኃ የወጣለት መንደር ጉድጓዱን አይደፍንም። ገበሬው ግን ማሳውን ከጎርፍ ይጠብቅልሃል የተባለውን ሥራ፣ ጎርፉ ሳይቀር፣ በገዛ ዶማው ደለደለው። ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ ዘመቻ የሚባል ነገር ሳይታሰብ እርከን ወደ ሠራ ሕዝብ መለስ ማለት ይጠቅማል።

ኮንሶ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከስምጥ ሸለቆው አጠገብ፣ ዝናቡ ጥቂትና የማያስተማምን፣ ድንጋዩ ግን የተትረፈረፈ አገር ነው። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ ሃያ አንድ ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ሕያው ልማድ መሆኑን አስታውቋል። የትውልዱ ቁጥር በግምት የተገኘ አይደለም። ሥልጣን ከአንዱ የዕድሜ እርከን ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ጊዜ በየ18 ዓመቱ በመንደሩ አደባባይ የትውልድ ምሰሶ ይተከላልና፣ ምሰሶውን የቆጠረ ዘመኑን ይቆጥራል። በአማርኛ የማሳው ደረጃም የዕድሜው ደረጃም “እርከን” መባላቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ በኮንሶ ሁለቱ በእርግጥ ተያይዘው የሚኖሩ ናቸው።

ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በደረቁ የሚደረደር ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። በደረቁ መካቡ የእጥረት ውጤት የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። በስሚንቶ የተለሰነ ግንብ ማስተንፈሻ ካልተበጀለት ውኃውን ከበስተጀርባው ያቁራል፤ የውኃው ግፊት ከአፈሩ ግፊት ጋር ሲደመር ግንቡ ይገፋል። ደረቁ ካብ ግን አፈሩን ይዞ ውኃውን በየስንጥቁ ያሳልፋል። በማሳውም ላይ የማሽላ አገዳ ከአፈር ጋር እየተደረገ ትንንሽ ገንዳ መሰል ክትሮች ይሠራሉ፤ የመጣው ዝናብ በወደቀበት እንዲሰርግ፣ የተረፈውም ቀስ ብሎ ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዲወርድ ነው። በካቡ አጠገብና በግቢው ውስጥ የሚተከለው ሽፈራው፣ ማሽላው ያላፈራ እንደ ሆነ ቅጠሉ ተቀቅሎ የሚበላ ነው። ስለዚህ ካቡ፣ ማሽላውና ዛፉ አንድ ሥራ ናቸው፤ ለየብቻቸው ቢወሰዱ አንዱም በቂ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው ግን ጥገናው ነው። ደረቅ ካብ ይፈርሳል። ብርቱ ዝናብ ከጣለ፣ ከብት ከረገጠው፣ ወይም መሠረቱ ከተሸረሸረ አንድ ቦታ ላይ ይናዳል። የኮንሶ ካብ ለዘመናት የቆመው የማይናድ ሆኖ ሳይሆን፣ በተናደ ጊዜ የማን ሥራ እንደ ሆነ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ባለማሳው ካቡን ይክባል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን የሥራ ማኅበሩ ያግዘዋል፤ ካቡን ችላ ያለ ሰው ከበታቹ ያለውን ጎረቤቱን ስለሚጎዳ ይወቀሳል። የጎሣ አለቆቹ ፖቃላዎችም የጽድ ደኖቻቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ይህን ማለት ኮንሶን ከችግር ያመለጠ አገር ማድረግ አይደለም። ዝናብ ጨርሶ በቀረባቸው ዓመታት ኮንሶም ተርቧል፤ የእርዳታ እህልም ተቀብሏል። ካብ ዝናብን አይፈጥርም።

በሌሎችም አገሮች የቆየ ብልኃት አልጠፋም። በይፋትና በአርጎባ የድንጋይ ካብ ጥንታዊ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በጎጃምና በሰሜን ሸዋ ደግሞ ገበሬው በየዓመቱ በማረሻ “ፈሰስ” የሚባለውን ቦይ በማሳው ላይ አግድም እየቀደደ ትርፉን ውኃ ያስወጣል። ፈሰስ በደንብ ካልተቀየሰ ራሱ ቦረቦር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ አገር የገበሬው ጭንቀት የውኃ ማነስ ሳይሆን የውኃ መብዛት መሆኑን የሚያመለክት ነው። ይህ ነጥብ በኋላ በዘመቻው ዘመን እንደሚገባው ሳይታሰብበት አልፏል።

የአፈር መሸርሸር የመንግሥት ጉዳይ የሆነው ከ1965 እና ከ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ በኋላ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። ከዚያ በፊት ደለል የሚያሳስበው ባብዛኛው የግድብ ሰዎችን ነበር። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ሲሠራ 1,850 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር፤ ከደጋው የሚወርደው ደለል ግን ይህን አቅም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰው ሄዷል። ከረኃቡ ወዲህ ግን ጉዳዩ ከተርባይን አልፎ እንጀራ ሆነ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ንብረት አድርጎ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ። በአንድ በኩል ይህ ለተፋሰስ ሥራ ምቹ ነበር፤ የአንድ ተራራ ገበሬ ሁሉ በአንድ ማኅበር ሥር ገብቶ በአንድ ቀን ሊሰለፍ ቻለ። በሌላ በኩል መሬቱ በየጊዜው እየተከፋፈለ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ስለ ነበር፣ ዛሬ የሚካበው ካብ ነገ በማን ማሳ ላይ እንደሚውል የሚያውቅ አልነበረም። በኮንሶ ካቡን ያቆመው ዕውቀት፣ ማለት “ይህ የእኔ ነው፤ ከእኔም በኋላ የልጄ ነው” የሚለው፣ በዚህ ላይ ጎደለ።

እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም የምግብ ፕሮግራም “ፕሮጄክት 2488” በተባለው መርሐ ግብሩ ሥራውን በምግብ ለሥራ ደገፈ። ለአንድ የሥራ ቀን የሚሰጠው 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። ለተራበ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ብዙ ነፍስ ይዟል። ለሥራው ጠባይ ግን መዘዝ ነበረው። ክፍያው በሥራ መጠን የሚታሰብ ስለ ሆነ፣ የሥራውም መለኪያ ርዝመት ሆነ። ልማዱም ቆይቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ ለድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ያሰላል። በቀን 3 ኪሎ ከታሰበ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ማለት 450 ኪሎ ግራም እህል ማለት ነው። ስሌቱ ለመጋዘን ኃላፊ ግልጽ፣ ለሪፖርት ጸሐፊም አመቺ ነው። ችግሩ አንድ ኪሎ ሜትር እርከን በተሠራበት ቀን እንጂ በሦስተኛው ክረምት አይለካም ነበር።

ሥራው ራሱ በአሠራር ረገድ ቀላል መስሎ ብዙ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ሁለት ዘንግ፣ አሥር ሜትር ሲባጎና አንድ ውኃ ልክ ያለው ቀያሽ በተዳፋቱ ላይ የእኩል ከፍታ መስመር ያወጣል። በመስመሩ ላይ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ታች ከተደለደለ ተራው የአፈር እርከን ይሆናል። አፈሩ ወደ ላይ ከተወረወረ ደግሞ ከኬንያ የመጣው “ፋንያ ጁ” ነው፤ ቃሉም በስዋሂሊ ወደ ላይ ወርውር እንደ ማለት ነው። ከላይ የሚታጠበው አፈር በድልድሉ ጀርባ እየተጠራቀመ፣ በማረሻም እየተገፋ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳፋቱን ወደ መደብ ይለውጠዋል። ቀያሹ ግማሽ ሜትር ከተሳሳተ ግን ውኃው በዝቅተኛው ቦታ ተሰብስቦ ድልድሉን ይበጥሳል፤ የአንዱ መበጠስ የበታቹን፣ የዚያም የሚቀጥለውን ያስከትላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ እርከን ካልተሠራበት ማሳ ይልቅ የተሠራበት ይጎዳል። ፈጥኖ በሚሄድ ዘመቻ ውስጥ ምን ያህሉ መስመር በውኃ ልክ፣ ምን ያህሉስ በዓይን ግምት እንደ ወጣ መገመት አያዳግትም።

በዚያው ዘመን አንድ የረጋ ሥራ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጄክት ተቋቋመና በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በወላይታ ጉኑኖና በሌሎችም ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያዎች ተከፈቱ። በየጣቢያው ዝናቡ፣ የወንዙ ፍሰትና የሚታጠበው አፈር ይመዘን ጀመር። ከዚህ ሥራ በመነሣት ሐንስ ሁርኒ የተባለው ተመራማሪ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። ቁጥሩ ወደ ውፍረት ቢመነዘር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአንድ ዓመት ዓይን አያየውም፤ አንድ ገበሬ ከአባቱ ተረክቦ ለልጁ እስኪያወርስ ግን አንድ ክንድ ሊደፋ ጥቂት ይቀረዋል ማለት አይደለም እንጂ፣ ማረሻ የሚገባበትን ያህል ይወስዳል።

ጣቢያዎቹ ሁለት ተጨማሪ ነገር አሳዩ። አንደኛው፣ የዓመቱ መታጠብ በክረምቱ ላይ እኩል የተደለደለ አለመሆኑ ነው፤ ጥቂት ብርቱ ዝናቦች አብዛኛውን አፈር ይወስዳሉ፤ በተለይም ማሳው ለጤፍ ደጋግሞ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ቡቃያ ሳይሸፍነው በሚቆይበት በክረምቱ መግቢያ። ሁለተኛው ለዘመቻው ሰዎች የማይጥም ነበር። እርከኖቹ የሚታጠበውን አፈር በእርግጥ ብዙ ቀንሰዋል፤ የእህሉ ምርት ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አምስት ዓመታት ብዙውን ጊዜ አልጨመረም። እንዲያውም እርከኑ የሚይዘው መሬት ከማሳው ላይ የሚቀነስ ነውና የቀነሰበት አለ።

ከዚህ ላይ የገበሬውን ሒሳብ ማየት ነው። ከማሳው ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ከዚያ በላይ ለድልድልና ለቦይ ሰጥቷል። በሬዎቹ በጠባቡ መደብ ላይ መዞር አይችሉም። በድንጋዩ ካብ ውስጥ አይጥ ይራባል፤ በድልድሉ ላይ አረም ይወፍራል። ዝናብ በሚበዛበት አገር መውጫ ያልተበጀለት እርከን ውኃ ያቁርና ሥሩን ያበሰብሳል፤ ፈሰስ መቅደድ የለመደው የጎጃም ገበሬ ይህን አስቀድሞ ቢናገርም፣ ለወሎ ድርቅ የታሰበው ንድፍ ወደ እርሱም ደርሷል። አፈሩ መጠበቁን ልጁ ያይ ይሆናል፤ የምርቱ ማነስ ግን የዘንድሮ ጎተራ ጉዳይ ነው። በዚህ ሒሳብ ላይ የተመሠረተውን ውሳኔ ድንቁርና ብሎ መጥራት ይከብዳል። ይህ ስም ግን በየስብሰባው ሲጠራ ኖሯል።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ እርከኑን ያቆመው ግዴታ ተነሣ። በብዙ ቦታ ካቡ ተናደ፤ የተከለለው ዛፍ ተቆረጠ። በአንዲት ጥድ በኋላ የተደረገ ጥናት ገበሬዎቹ የመሸርሸሩን አደጋ የሚያውቁ ሆነው ሳለ፣ እርከኑን ከፊሎቹ ሙሉ በሙሉ፣ ከፊሎቹ በከፊል እንዳነሡት ይገልጻል። በከፊል ማንሣቱ በተለይ የሚያስተምር ነው። ከእርከኖቹ የተወሰኑትን የተወ ገበሬ እርከንን አልጠላም፤ በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት ለበሬው እንዲበቃ ንድፉን አሻሻለ እንጂ። በቀያሹና በእርሱ መካከል ውይይት ቢኖር ኖሮ ይኸው ማሻሻያ አስቀድሞ በሲባጎው ሊሠራ ይቻል ነበር። በአንጀኒ ደግሞ በ1978 ዓ.ም. የተሠራው ፋንያ ጁ፣ የውኃ መውረጃው አብሮ ስለ ታሰበለት፣ ወደ መደብ እየተለወጠ ሄዷል።

የትግራይ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በዚያ ከ1980ዎቹ ወዲህ የየቀበሌው ሕዝብ በዓመት ለተወሰኑ ቀናት፣ በኋላም ለ20 ቀን ያህል፣ ያለ ክፍያ በተፋሰስ ሥራ ይሰለፍ ነበር፤ ተራሮችም በየአካባቢው ደንብ ተከለሉ። በደጉዓ ተምቤን የተደረገ ልኬት የድንጋይ እርከን የአፈሩን መታጠብ በአማካይ በ68 ከመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ከዚያ የበለጠ የሚያስደንቀው የፎቶግራፉ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ላይ ያነሣቸው ሥዕሎች ከ140 ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ እንደገና ተነሥተው ሲነጻጸሩ፣ ተራሮቹ ከቀድሞው ይልቅ አረንጓዴ ሆነው ተገኙ፤ ሕዝቡ ያን ጊዜ ከነበረው እጅግ በዝቶ ሳለ። የሕዝብ መብዛት የግድ ምድርን ያራቁታል የሚለው አባባል በእነዚህ ሥዕሎች ፊት እንደ ቀድሞው በድፍረት አይነገርም። የዚያው የደጉዓ ተምቤን ልኬት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል፤ ከእርከኑ ጀርባ ያለው ቦታ በደለል ሲሞላ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ካቡ በየጊዜው ከፍ መደረግ አለበት። ይህ የኮንሶ ገበሬ ለዘመናት ሲሠራው የኖረው ነው።

አሁን በዚህ ሁሉ ላይ የአየር ጠባይ መለወጥ ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። የዝናቡ ጠቅላላ መጠን ወዴት እንደሚሄድ የትንበያ ቀመሮቹ አንድ ቃል አይናገሩም፤ በብርቱ ዝናብ የሚወርደው ድርሻ እንደሚጨምር ግን አብዛኞቹ ይስማማሉ። ለእርከን ሠሪ ትርጉሙ ይህ ነው፤ የቦዩ ስፋት፣ የድልድሉ ከፍታና የመውረጃው አቅም የተሰላው ባለፉት ዓመታት የዝናብ መዝገብ ነው፤ አፈሩን ከሚወስዱት ጥቂት ብርቱ ዝናቦች አንዱ ከመዝገቡ ያለፈ ሆኖ ሲመጣ፣ ንድፉ ትክክል የነበረ እርከን እንኳ ይሰበራል። በዚያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ቀያሽ አይደርስም። ሰብሩን በማግስቱ የሚደፍን፣ መውረጃውንም በሚቀጥለው በጋ የሚያሰፋ በዚያው የሚኖር ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም የሚሠራው መሬቱ ነገም የእርሱ እንደ ሆነ ካመነ ነው።

ተክል የሚያገለግለው በዚህ ላይ ነው። በጋሞ ደጋ በጨንቻ የተለመደው ደሾ ሣር በድልድሉ ላይ ሲተከል ሥሩ አፈሩን ያስራል፤ ቅጠሉ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል። እርከኑ ከማሳው የወሰደውን መሬት በመኖ መልክ ስለሚመልስ የገበሬው ሒሳብ ይለወጣል፤ ድልድሉንም የሚያፈርስበት ምክንያት ይቀንሳል። ሆኖም ከአጨዳ በኋላ ከብት በየማሳው በነፃ የሚለቀቅበት ልማድ ባለበት አገር ሣሩ አንድ በጋ አይዘልቅም። ስለዚህ የደሾ ጉዳይ መጨረሻው የግጦሽ ስምምነት ነው።

በወላይታ በሁምቦ የተሠራው ሌላ መንገድ ያሳያል። በዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ተደርጎ ተከለለ። የለማውም አብዛኛው ችግኝ በመትከል አይደለም፤ ከመሬት ሥር ሕይወቱ ካልጠፋው ጉቶ የሚወጣውን ቡቃያ እየመረጡና እየገረዙ በማሳደግ ነው። ማኅበራቱ የደኑን የመጠቀም መብት በወረቀት የያዙ ሲሆን፣ ፕሮጄክቱም በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን መዝገብ ገብቶ ገቢ አስገኝቶላቸዋል። የጉቶ ሥር ከችግኝ ሥር ይልቅ ጥልቅ ስለሆነ ድርቅን ይበልጥ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን 353 ሚሊዮን ችግኝ እንደ ተተከለ ሲነገር፣ የዘመቻውን ዘመን ኪሎ ሜትር የሚያስታውስ ባለሙያ በሦስተኛው ዓመት ስንቱ በሕይወት እንዳለ መጠየቁ አይቀርም፤ ቢጠይቅም ቅን ጥያቄ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተደረገው ጦርነት ጊዜ መብራት በጠፋበትና ገበያ በተዘጋበት ወራት፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተከልለው ከነበሩት ቦታዎች ብዙ ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጧል። የቆረጡት ባብዛኛው ሌላ የሚያነዱት ያልነበራቸው፣ ከአንዳንዶቹም የከለሉት ራሳቸው ናቸው። በየተራራው የቀረው የወይራና የክትክታ ጉቶ ሥሩ ካልተነቀለ በክረምት ያቆጠቁጣል፤ ፍየል እንዳይቀነጥበው የሚጠብቀው ግን የየቀበሌው የከለላ ደንብ ነው፤ ጠባቂውም በዘመቻ ሳይሆን በመንደሩ ሰው የሚመረጥ፣ ደመወዙም ከተከለለው ሣር ሽያጭ የሚከፈለው ሰው ነው።